የእርግዝና መከላከያ እንክብል ተረስቶ ሲገኝ፦ ከመዋጥዎ በፊት ይቁጠሩ

ድሬዳዋ ውስጥ በመድኃኒት መሸጫ መስኮት ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት፣ እንክብል የረሱ ሴቶች ሁለት ስህተቶችን ደጋግመው ሲሠሩ አይቻለሁ። አንደኛዋ የረሳቻቸውን ሦስት አራት ፍሬዎች በአንድ ጊዜ ትውጥና ሌሊቱን ስታስመልስ ታድራለች። ሌላዋ ደግሞ «አንዴ ተበላሽቷል» ብላ እሽጉን ትጥልና የወር አበባዋ እስኪመጣ ድረስ ያለ ምንም መከላከያ ትቆያለች። ሁለቱም ሳይቆጥሩ ነው የወሰኑት። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ቆጥረው እንዲወስኑ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ እሽጉን በእጅዎ ይዘው ቢያነቡት ይሻላል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ፤ የቀሩት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው። ሆርሞን ያለው እንክብል ለ7 ተከታታይ ቀናት ሲዋጥ የእንቁላል ማምረቻው ያርፋል። ሰውነት ያለ ሆርሞን በሰላም ሊቆይ የሚችለው ደግሞ ለ7 ቀን ብቻ ነው፤ በእሽጉ መጨረሻ ያለው ዕረፍትም 7 ቀን የሆነው ለዚህ ነው። ይህ የዕረፍት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እንቁላል የመብሰል ዕድሏ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያስቡት እጅግ አደገኛው መርሳት በእሽጉ መሃል የሚሆነው አይደለም። አደገኞቹ ከዕረፍቱ በፊት ያሉት የመጨረሻ ፍሬዎችና ከዕረፍቱ በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ በተለይም አዲስ እሽግ አዘግይቶ መጀመር።

ደረጃ 1፦ የእሽጉን ዓይነት ይለዩ

ከትዝታ አይቁጠሩ። እሽጉን ያውጡና ብርሃን ባለበት ቦታ ይመልከቱት።

1. 28 ፍሬ ኖሮት 21ዱ አንድ ዓይነት ቀለም፣ የመጨረሻዎቹ 7 ደግሞ ሌላ ቀለም ከሆኑ (አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ናቸው)፣ ሁለት ሆርሞን ያለው ጥምር እንክብል ነው። ቡናማዎቹ ብዙውን ጊዜ የብረት ማዕድን የያዙ ናቸው፤ መከላከያ ሆርሞን የላቸውም። ከደረጃ 2 ይቀጥሉ።

2. 21 ፍሬ ብቻ ካለውም ጥምር እንክብል ነው። ልዩነቱ 7ቱ የዕረፍት ቀናት ያለ እንክብል የሚያልፉ መሆናቸው ነው። ይህም ከደረጃ 2 ይቀጥላል።

3. 28 ወይም 35 ፍሬ ኖሮት ሁሉም አንድ ቀለም ከሆኑና የተሰጠዎት ጡት በማጥባት ላይ ሳሉ ከሆነ፣ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው እንክብል ሊሆን ይችላል። ይህ ሕጉ ሌላ ነው። በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

መለየት ካልቻሉ ባዶውን ካርቶን ጭምር ይዘው ወደ መድኃኒት ባለሙያ ይሂዱ። ውስጡ ያለው ወረቀት በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ፤ በእኛ ከተማ ይህን የሚችል ሰው ከመስኮቱ ጀርባ አይጠፋም። የጎረቤትን ምክር ግን ለዚህ አይጠቀሙ፤ የእርሷ እሽግ ከእርስዎ የተለየ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 2፦ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ያስሉ

መጀመሪያ የተረሳው ፍሬ መዋጥ የነበረበትን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ጀምሮ እስካሁን ያለፈውን ይቁጠሩ።

ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ ዘግይተዋል እንጂ አልረሱም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከሆነ አንድ ፍሬ ረስተዋል። 48 ሰዓት ከሞላ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ረስተዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሰዎችን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው፦ ለእኛ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ገና የማክሰኞ ሌሊት ሲሆን ስልኩ ግን ረቡዕ ብሎ አልፎታል፤ በእሽጉ ላይ የታተሙትን የቀን ስሞች በስልኩ ቀን የምትከተል ሴት አንድ ፍሬ የዘለለች መስሏት ሌላ ትደርባለች። ሁለተኛው የማንቂያ ደወሉ ነው። ማታ 3 ሰዓት ለመዋጥ የወሰነች ሴት ስልኳ ላይ 3፡00 ብላ ብትሞላ፣ ደወሉ የሚጮኸው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሥራ ላይ ወይም በርጫ ላይ ባለችበት ጊዜ ነው፤ እሷም አጥፍታው ትረሳለች። የስልክዎ ሰዓት በውጭ አቆጣጠር ከሆነ ለማታ 3 ሰዓት መሙላት ያለብዎት 9፡00 ሲሆን፣ ከምሽት በኋላ መሆኑን የሚያሳየውንም ምልክት ያረጋግጡ።

48 ሰዓት ሳይሞላ በእሽጉ ላይ ሁለት ያልተዋጡ ፍሬዎች ካዩ፣ ለምሳሌ የማክሰኞና የረቡዕ ማታ ቀርቶ ሐሙስ ጠዋት ካስታወሱ፣ ጠንቀቅ ያለውን መንገድ ይዘው በደረጃ 4 ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ከዘገዩ ወይም አንድ ፍሬ ብቻ ከረሱ

1. የተረሳውን ፍሬ ባስታወሱበት ቅጽበት ይዋጡ፤ እስከ ማታ አያቆዩት።
2. የዛሬውን በተለመደው ሰዓቱ ይዋጡ። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ከፈለጉም በአንድ ጊዜ ቢዋጡ ጉዳት የለውም።
3. እሽጉን እንደ ወትሮው ይጨርሱ።

ኮንዶምም ሆነ ድንገተኛ መከላከያ (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው፤ ደረጃ 7 ላይ አለ) በአብዛኛው አያስፈልግም። ከዚህ በፊት ባሉት ቀናት፣ ወይም ባለፈው እሽግ የመጨረሻ ሳምንት ሌላ ፍሬ ረስተው ከነበረ ግን ይህ አንድ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ ባለሙያ ያማክሩ። በማግስቱ ትንሽ ማቅለሽለሽ ወይም ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊኖር ይችላል፤ እንክብሉን ለማቆም ምክንያት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከረሱ

በየትኛውም ሳምንት ቢሆን መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነው፦

1. ከተረሱት ውስጥ የመጨረሻውን አንዱን ፍሬ አሁኑኑ ይዋጡ።
2. ከእርሱ በፊት የተረሱትን እሽጉ ውስጥ ይተዉአቸው። አይሰብስቧቸው። ያለፈውን ቀን መልሰው አይሸፍኑልዎትም፤ ማቅለሽለሽ ብቻ ይጨምሩብዎታል።
3. የዛሬውን በሰዓቱ ይዋጡ።
4. ሆርሞን ያለውን እንክብል ለ7 ተከታታይ ቀናት ሳያቋርጡ እስኪውጡ ድረስ በኮንዶም ይጠቀሙ ወይም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቆጠቡ።

በአንዳንድ የቆዩ ወረቀቶች ላይ ይህ ጥንቃቄ የሚጀምረው ከ3 ፍሬ ነው። የሰማችሁት ያ ከሆነ ባለሙያው አልዋሸም፤ እኔ ግን ከ2 እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት ረሳሁ የምትል ሴት ስንቆጥር ሦስት ሆኖ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው የተረሳው ፍሬ በእሽጉ ላይ ባለበት ቦታ ይወሰናል። የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ አይመልከቱ፤ ከመጀመሪያው ፍሬ ጀምረው ይቁጠሩ።

ከ1ኛው እስከ 7ኛው ፍሬ

ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፤ ከዕረፍቱ ገና መውጣትዎ ስለሆነ ያለ ሆርሞን የቆዩበት ጊዜ 7 ቀን አልፎ 9 ወይም 10 ሊሆን ይችላል። አዲስ እሽግ 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አዘግይቶ መጀመርም ከዚህ ጋር እኩል ይቆጠራል። «ቡናማውን ጨርሼ ነበር፣ በዓል ስለነበር መድኃኒት ቤት አልሄድኩም» የሚለውን ቃል ከዒድና ከፋሲካ ማግስት በእርግጠኝነት እሰማዋለሁ፤ ተናጋሪዋም ብዙ ጊዜ ምንም የረሳችው ነገር ያለ አይመስላትም።

ባለፉት 5 ቀናት ውስጥ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ አሁኑኑ ወደ ደረጃ 7 ይለፉ። ካልነበረ ከላይ ያሉት አራት ትእዛዞች ይበቃሉ።

ከ8ኛው እስከ 14ኛው ፍሬ

ከመርሳትዎ በፊት የነበሩትን 7 ፍሬዎች በትክክል ውጠው ከሆነ ድንገተኛ መከላከያ አያስፈልግም፤ የ7 ቀኑን ጥንቃቄ ብቻ ያድርጉ። ከእነርሱም ውስጥ የተጓደለ ካለ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ይቁጠሩት።

ከ15ኛው እስከ 21ኛው ፍሬ

እዚህ ላይ ሰዎች አራቱን ትእዛዞች በትክክል ፈጽመው መጨረሻው ላይ ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ። ሁለት ፍሬ ከረሱ በኋላ የቀሩትን ጥቂት ውጠው እንደ ልማድዎ ወደ ቡናማዎቹ ከገቡ፣ ለተረሱት ቀናት ሌላ 7 ቀን ጨመሩበት ማለት ነው። መፍትሔው ዕረፍቱን መዝለል ነው፦

1. ሆርሞን ያላቸውን ፍሬዎች እስከ 21ኛው ድረስ ይጨርሱ።
2. 7ቱን ቡናማ ፍሬዎች አይዋጡ፤ ይጣሏቸው። እሽግዎ ባለ 21 ከሆነ የ7 ቀኑን ዕረፍት አይውሰዱ።
3. በማግስቱ አዲሱን እሽግ ከ1ኛው ፍሬ ይጀምሩ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት ዘወትር ማታ 3 ሰዓት ትውጣለች። የማክሰኞውን 16ኛ ፍሬና የረቡዑን 17ኛ ፍሬ ረስታ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ እሽጉን ስትከፍት ሁለቱም ተቀምጠው አገኘቻቸው። 48 ሰዓት ሞልቷል። በዚያ ማታ 17ኛውንና የዕለቱን 18ኛ ፍሬ አብራ ትውጣለች፤ 16ኛው እዚያው ይቀራል። ዓርብ 19ኛውን፣ ቅዳሜ 20ኛውን፣ እሑድ 21ኛውን ትውጣለች። ሰኞ ቡናማውን አትነካም፤ አዲስ እሽግ ትከፍታለች። የኮንዶሙ 7 ቀን ሐሙስ ተጀምሮ በሚቀጥለው ረቡዕ፣ የአዲሱ እሽግ 3ኛ ፍሬ ሲዋጥ ያበቃል።

አዲስ እሽግ በቤት ከሌለ እሑድን አይጠብቁ፤ በነገታው ይግዙ ወይም ከጤና ጣቢያ ይውሰዱ። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ወዲያው ማግኘት ካልቻሉ ግን 7 የአዲሱን እሽግ ፍሬዎች እስኪውጡ ድረስ ኮንዶሙን አያቋርጡ።

ዕረፍቱን በመዝለልዎ በዚያ ወር የወር አበባ ላያዩ ይችላሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ደሙ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርም፤ ብቻውንም የእርግዝና ምልክት አይደለም።

ከ7 ፍሬ በላይ ተከታትሎ ከተረሳ

ያ እሽግ ያቋረጡት እንጂ የረሱት አይደለም። በመሃሉ ግንኙነት ከነበረ ባለሙያ ያማክሩ፤ አስፈላጊ ከሆነም እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ በአዲስ እሽግ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት በኮንዶም።

ደረጃ 5፦ ቡናማውን ፍሬ ከረሱ

የተረሳውን ይጣሉና ይቀጥሉ። ሆርሞን ስለሌለው መከላከያው አልተነካም። አዲሱ እሽግ የሚጀመርበትን ቀን ግን ለተረሳው ቡናማ ብለው አያራዝሙ።

ደረጃ 6፦ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው እንክብል ሲረሳ

ሌቮኖርጀስትሬልን በአነስተኛ መጠን ብቻ የያዘው ይህ እንክብል ዕረፍት የለውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬ ሁሉም ሆርሞን አለው። የሚታገሠው መዘግየትም 3 ሰዓት ብቻ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የምትውጥ እናት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈባት እንደ ረሳች ትቆጠራለች።

1. አንዱን ፍሬ አሁኑኑ ይዋጡ፤ ብዙ ረስተው ቢሆንም አንድ ብቻ።
2. ቀጣዩን በተለመደው ሰዓት ይዋጡ።
3. ለ2 ቀን፣ ማለትም ለ48 ሰዓት በኮንዶም ይጠቀሙ ወይም ይቆጠቡ።
4. ከተረሳበት ጊዜ ወዲህ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ ደረጃ 7ን ያንብቡ።

ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ገና ያልተመለሰ ከሆነ፣ ማጥባቱ ራሱ ጠንካራ መከላከያ ስለሆነ መደንገጥ አያስፈልግም። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ውሃ፣ አብሽ ወይም የዱቄት ወተት መስጠት ከተጀመረ በዚህ አይተማመኑ።

ደረጃ 7፦ ድንገተኛ መከላከያ

ብዙዎች ፖስትፒል በሚለው የንግድ ስም የሚያውቁት ይህ መድኃኒት 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። አንዳንዱ በአንድ ፍሬ፣ አንዳንዱ 0.75 ሚሊ ግራም በሆኑ ሁለት ፍሬዎች ይመጣል፤ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መዋጥ ይቻላል።

1. ከግንኙነቱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ይዋጡት። እስከ 72 ሰዓት የተሻለ ይሠራል፤ እስከ 120 ሰዓት መጠቀም ቢቻልም ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል።
2. ከዋጡት በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት መልሰው ይዋጡ።
3. የዕለት እንክብልዎን አያቁሙ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቀጥሉ፤ ጥምር ከሆነ 7 ቀን፣ አንድ ሆርሞን ያለው ከሆነ 2 ቀን ኮንዶም ይጨምሩ።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። ድንገተኛው መከላከያ ያለፈውን ግንኙነት ይመለከታል እንጂ ለነገው ዋስትና አይሰጥም። ወሩን ሙሉ የሚጠብቃት መስሏት እሽጉን ያቋረጠች ሴት በሳምንቱ እንደገና ወደ መስኮቱ ትመጣለች።

መድኃኒቱ የሚሠራው እንቁላል እንዳትለቀቅ በማዘግየት ነው። የተጀመረ እርግዝናን አያስወርድም፤ አይጎዳውምም።

ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው ከግንኙነቱ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ወደ ማህፀን የሚገባው የመዳብ ሉፕ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይከላከላል። ጤና ጣቢያዎ የሚያስገባ ባለሙያ ከሌለው ድሬዳዋ ላይ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሊልክዎ ይችላል። ቀኑ እንዳያልፍ «በድንገተኛ መከላከያነት ነው የምፈልገው» ብለው በግልጽ ይናገሩ።

ደረጃ 8፦ ውጠውት ካስመለሰዎት ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ የወጣ ሰው ደንገጎን ያውቃል። ጠመዝማዛው ሲጀምር ረዳቱ ፌስታል ማደል ይጀምራል። አንዲት ደንበኛዬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንክብሏን ውጣ ተሳፍራ፣ ደንገጎ ላይ ሳትደርስ ፌስታሉን ሞልታ፣ ሐረር ሸዋ በር ስትወርድ «ወጥቶ ይሆን?» ብላ ደወለችልኝ። ከዋጠች አንድ ሰዓት ተኩል አልሆናትም ነበር። መልሱ ቀላል ነው፦

1. ከዋጡ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ሌላ ሆርሞን ያለው ፍሬ ይዋጡ። ቀኑ እንዳይዛባ ከትርፍ እሽግ ቢወስዱ ይሻላል፤ ትርፍ ከሌለዎት ተከታዩን ፍሬ ይዋጡና እሽጉ አንድ ቀን ቀድሞ እንደሚያልቅ ይመዝግቡ።
2. ከ3 ሰዓት በኋላ ከሆነ ምንም አያድርጉ፤ መድኃኒቱ ገብቷል።
3. መንገድ እንደሚያስመልስዎት ካወቁ እንክብሉን ከጉዞው በፊት ሳይሆን ከደረሱ በኋላ ወይም በማታ ይዋጡ።

አንድ ሁለት ጊዜ ቀጠን ያለ ሰገራ መከላከያውን አያበላሽም። ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን የታመሙባቸውን ቀናት እንደ ተረሱ ቀናት ይቁጠሩና ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ፤ በሕመሙ መሃልም እንክብሉን መዋጥ አያቁሙ። በሙቀቱ ወራት ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ሲይዝዎት ግን ከእንክብሉ በፊት ሕይወትዎ ይቀድማልና ኦ አር ኤስ እየጠጡ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ይናገሩ

ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳሉ። አንድም ፍሬ ሳይረሱ ሊያረግዙ ይችላሉ። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ኢፋቪረንዝ የድንገተኛውን መከላከያ ኃይል ይቀንሳል። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ይህን መመሪያ ብቻ ይዘው አይወስኑ፤ ሌላ ዘዴ እንዲመረጥልዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ። አሞክሲሲሊንን የመሳሰሉ የተለመዱ ፀረ ተሕዋስያን ግን መከላከያውን አይነኩም፤ ካላስመለሱዎት በቀር።

ደረጃ 10፦ የወር አበባው ካልመጣ

1. ያለ መከላከያ ከተደረገው የመጨረሻ ግንኙነት 3 ሳምንት ሲሞላ የሽንት ምርመራ ያድርጉ። ከዚያ በፊት የተደረገ ምርመራ የለም ቢል አይመኑት፤ ይድገሙት።
2. ጥቂት ደም ስላዩ ብቻ ምርመራውን አይተዉ።
3. ውጤቱ እርግዝና ካሳየ እንክብሉን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። እስከዚያ የዋጡት እንክብል ፅንሱን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ነገር የለም።

የወር አበባዎ ቀርቶ በአንድ ጎን የታችኛው ሆድ ብርቱ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጥምር እንክብል እየወሰዱ ሳለ ብርቱ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን መጋረድ ከመጣም እንዲሁ ያድርጉ።

ደረጃ 11፦ እንዳይደገም ማዘጋጀት

እንክብሉን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት። ጠዋት ቡና የምታፈላ ሴት ከስኒው ረከቦት አጠገብ፣ ማታ ጥርሷን የምትቦርሽ ከብሩሹ ጋር ብታስቀምጠው ይበጃታል። የበርጫን ሰዓት ግን አይምረጡ፤ ጨዋታው ሲደራ ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ምሽቱም አብሮት ይሄዳል።

ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን አስቀድመው ይወስኑ። ማታ 3 ሰዓት የምትውጥ ሴት ምንም አትለውጥም። ጠዋት 2 ሰዓት የምትውጥ ግን ወደ ሱሁር፣ ለምሳሌ ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ብታመጣው 4 ሰዓት ቀደመች እንጂ አልዘገየችም፤ መቅደም መከላከያውን አይጎዳም። ወደ ኢፍጣር ብትወስደው ከ10 ሰዓት በላይ ትዘገያለች፤ ጥምር እንክብል ይህን ቢችለውም ባለ አንድ ሆርሞኑ አይችለውም። ጥምር እንክብል የምትወስድ ጾመኛ መርሳቷን ቀን ላይ ካስታወሰችና እስከ ኢፍጣር 24 ሰዓት የማይሞላ ከሆነ፣ ካፈጠረች በኋላ ብትውጠው ደረጃ 3 ይሠራላታል።

ወሩን ሳያቋርጡ ለመጾም ብለው ቡናማዎቹን ዘልለው ከእሽግ ወደ እሽግ የሚሻገሩ አሉ። በጥምር እንክብል ይህ ይቻላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት፤ አንዳንዴ ጠብ ጠብ የሚል ደም እንደሚኖር፣ የሁለት ወር እሽግም ከረመዳን በፊት በእጅ መሆን እንዳለበት ይወቁ።

ወደ ጅቡቲ በባቡር፣ ወደ ጅግጅጋ በመኪና ለንግድ የሚመላለሱ ከሆነ አንዱን እሽግ በቤት፣ ሌላውን በእጅ ቦርሳ ያኑሩ። በሻንጣ ውስጥ ወይም በመኪና ፊት ለፊት መስታወት ሥር አያስቀምጡ። አብዛኞቹ እሽጎች ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ ተጽፎባቸዋል፤ የድሬ ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ይህን ያልፋል። በቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለ፣ ፀሐይ በማይነካውና ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያድርጉት፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ደረጃ 4 ከተመለሱ ሰዓት መቀየር ብቻ አይበቃም። ያን ጊዜ በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል በየ3 ወሩ የሚሰጠውን መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ይጠይቁ። ሲሄዱ ያልጨረሱትን እሽግ ይዘው ይሂዱ፤ ነርሷ የትኞቹ ፍሬዎች እንደቀሩ ዓይታ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ ትነግርዎታለች።